ኮፈኑ ከመበሳቱ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አሮጌ ክፍት የስፖርት መኪና ላላቸው ወይም ለመግዛት ለሚያስቡ አንባቢዎቻችሁ ነው፤ በተለይም እነዚህ መኪኖች በብዛት በሚገኙባቸው በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩት። ጉዳዬ አንድ ነው፤ የኋላ ኮፈን ላይ የሚገጠመው ፖርቶመጋላ። ሻጮች «አራት ቪቴ፣ ሃያ ደቂቃ» እያሉ የሚያቀርቡት ይህ ዕቃ፣ ሃምሳና ስልሳ ዓመት ሳይጎዳ የኖረን ኮፈን በዚያችው ሃያ ደቂቃ ሲያበላሽ ማየት ያሳዝናል። ጥፋቱ የፖርቶመጋላው አይደለም። ጭነቱ ምን ላይ እንደሚያርፍ ሳይታሰብ መገጠሙ ነው።

ከጣሊያንኛ የወረስነው ፖርቶመጋላ የሚለው ቃል ሲነሳ ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው የክፍለ ሀገር አውቶቡስ ጣሪያ ነው፤ ጆንያው፣ ፍራሹ፣ የዶሮ ቅርጫቱ፣ ለበዓል የተገዛው በግ። በድሮ ፊያትና ፔጆ ጣሪያ ላይ የሚታሰረውም ቢሆን የጣሪያውን ጠርዝ ተከትላ የምትሄደውን የዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ ጨብጦ ነው የሚቆመው። ያቺ ቦይ ላሜራ በላሜራ ተደርቦ የተበየደባት ስለሆነች ከአካሉ ጠንካራ ቦታዎች አንዷ ናት፤ ያን ሁሉ ሸክም የምትችለውም ለዚህ ነው። ክፍት የስፖርት መኪና ግን ጣሪያዋ ቴንዳ ነው፤ የምትጨበጥ ቦይ የላትም። ዕቃ ሊጫንባት የሚችለው ብቸኛ ቦታ የኋላ ኮፈኗ ነው፤ ኮፈን ደግሞ የተሠራው ዝናብና ሌባ ለመከልከል እንጂ ሸክም ለመሸከም አይደለም። ስለዚህ ከአውቶቡሱ የለመድነውን ሐሳብ እዚህ ማምጣት አይቻልም።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ መኪና ልያዝ፤ ኤምጂቢ። እንግሊዝ አገር አቢንግደን በሚባል ከተማ ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የተሠራች ናት። ጣሪያ ካላት ከጂቲዋ ጋር ተደምራ ከ500,000 በላይ ተመርታለች፤ ከግማሽ የሚበልጠው የተሸጠው አሜሪካ ነው። ለዚህም ነው ዛሬም መለዋወጫዋ እንደ ልብ የሚገኘው፣ ለጀማሪም የምትመረጠው። ክፍቷን ኤምጂቢ ከኋላ ስትከፍቱ ስኮርታ ጎማዋ ወለሉ ላይ ተጋድማ ታገኟታላችሁ። በላይዋና በጎኗ የሚቀረው ቦታ ሁለት ለስላሳ ቦርሳና አንድ የመሣሪያ ሣጥን ቢይዝ ነው፤ ጠንካራ ሻንጣማ አይታሰብም። ለሁለት ሰው የሦስት ቀን መንገድ ከታሰበ ፖርቶመጋላ የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ፍላጎቱ ትክክል ነው፤ የምከራከረው በአገጣጠሙ ነው።

የኮፈኑን አሠራር እንመልከት። ከላይ የምናየው ቆዳ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ላሜራ ነው። ከሥሩ፣ ጠርዙን ተከትሎ የሚዞርና መሐሉን የሚያቋርጥ፣ ተጨፍልቆ ቅርጽ የያዘ ሌላ ላሜራ አለ፤ ማዕቀፉ እሱ ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ ከታች በጣት ስትመቱት ልዩነቱን ጆሯችሁ ይነግራችኋል። ማዕቀፉ ባለበት ድምፁ ድፍን ነው፤ በሌለበት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ያ የሚጮኸው ቦታ ላይ ያረፈ የፖርቶመጋላ እግር መኪናዋ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ላሜራውን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ላሜራው ተመልሶ ይነሳል። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም መጀመሪያ ቀለሙ በእግሩ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል፤ ቀጥሎ ቆዳው ይሰረጉዳል፤ በመጨረሻም ከቀዳዳው ጫፍ ላሜራው ራሱ ይቀደዳል። አራቱም እግሮች ማዕቀፉ ላይ ወይም ከማዕቀፉ ጋር በተያያዘ ወፍራም ብረት ላይ እንዲያርፉ ማድረግ የሥራው ሁሉ እምብርት ነው። ሌላው ዝርዝር ሁሉ ይህን ተከትሎ ይመጣል።

ገበያ ላይ በአገጣጠማቸው ሦስት ዓይነት አሉ። የመጀመሪያው ኮፈኑ ተበስቶ በብሎን የሚታሰር ነው። ሁለተኛው ሳይበሳ የኮፈኑን ጠርዝ በመንጠቆ ጨብጦ በመወጠሪያ የሚያዝ ነው። ሦስተኛው ቀለሙ ላይ በአየር የሚጣበቅ የላስቲክ ጽዋ ያለው ነው። በሦስተኛው ልጀምርና ቶሎ ልለፈው፤ ንጹሕና ለስላሳ ገጽ ይፈልጋል፣ ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቅበት አየሩን ይለቃል፣ ዳግመኛ የተቀባና በደንብ ያልያዘ ቀለም ካገኘ ደግሞ ቀለሙን ይዞት ይነሳል። በአሮጌ መኪና ላይ አልመክረውም።

የሚጨብጠው ዓይነት «መኪናዬን አላስበሳም» ለሚሉ የተሠራ ነው፤ አባባላቸውንም አከብራለሁ። ነገር ግን ሳይበሳ ይቀመጥ እንጂ ሳይጎዳ ይቀመጣል ማለት አይደለም። መንጠቆዎቹ የሚይዙት የኮፈኑን ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ደግሞ ላሜራው የሚታጠፍበትና ቀለሙ እጅግ የሚሳሳበት ቦታ ነው። በመንጠቆውና በቀለሙ መካከል የገባ አሸዋ በንዝረቱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት እየፋቀ እስከ ብረቱ ይደርሳል። መንጠቆው በኮፈኑና በአካሉ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ስለሚያልፍ የውኃ መከላከያውን ጎሚኒ ይጫነዋል፤ ዝናብ ሲጥል ውኃው በዚያች ቦታ ይገባል፤ ገብቶም ስኮርታው ሥር ይተኛል። ደግሞም ውጥረቱ በራሱ ይላላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ለምታደርጉት አጭር ጉዞ፣ ከጉዞው በኋላ ወዲያው የምታነሱት ከሆነ ይበቃል። ዓመቱን ሙሉ ላይዋ ላይ ሊቆይ ከሆነ ግን የተበሳው ይሻላል፤ በዚህ ላይ የማይስማሙ ብዙ መሆናቸውን አውቃለሁ።

ለእነሱ አንድ መውጫ አለ። ሁለተኛ ኮፈን ግዙ። የኤምጂቢ ኮፈን በአሮጌ መለዋወጫ ሻጮች ዘንድ አይጠፋም፤ አዲስም ይሠራል። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኤምጂቢን ሙሉ አካል እንደገና ሲያመርት ቆይቷል። ፋብሪካ የገጠመውን ኮፈን ነቅላችሁ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ፣ ደረቅ ቦታ አቁሙት፤ ፖርቶመጋላውን በሁለተኛው ላይ ግጠሙ። መኪናዋ አንድ ቀን ስትሸጥ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ብዙ ወጪ የወጣበት ወይም ኦሪጅናል ቀለም ያላት መኪና ከሆነች ከዚህ ሌላ መንገድ አላይም።

ዕቃውን ስትመርጡ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ። በክሮም የተነከረ ተራ ብረት ማግኔቱን አጥብቆ ይይዘዋል፤ ጥሩው ስቴንለስ ግን አይስበውም፣ ቢስበውም በጥቂቱ ነው። ክሮም ሲያበራ ያምራል፤ ችግሩ ቱቦው ከውስጥ አለመነከሩ ነው። ውኃ በብየዳው ቀዳዳ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ከውስጥ ወደ ውጪ ይበላዋል። ከውጪ ትንሽ ቡናማ ነጥብ ባያችሁበት ቀን ውስጡ ካለቀ ቆይቷል። ያገለገለ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ ቱቦውን አንሥታችሁ አንቀጥቅጡት፤ የዝገት ፍርፋሪ ድምፅ ከተሰማ ተዉት። ብየዳዎቹን አንድ በአንድ እዩ፤ በተለይ እግሩ ከዋናው ቱቦ ጋር የሚገናኝበትን፣ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነውና። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በብዛት የተገጠመው የአምኮ ዓይነት ዛሬም አሮጌ ገበያ ላይ ይገኛል፤ ከዘመኑ ጋር ይሄዳል፣ ግን ክሮም ስለሆነ ይህን ምርመራ ሳታደርጉ አትክፈሉ። የእንጨት ርብራብ ያላቸውም አሉ። እንጨቱ ሻንጣ አይቧጥጥም፤ በየዓመቱ ግን ዘይት ይፈልጋል፣ ርብራቡን የያዙት ቪቴዎችም መጠበቅ አለባቸው።

ልኩ ከመልኩ ይቀድማል። የኤምጂቢ ኮፈን ጉብ ያለ ነው፤ የትራያምፍ ቲአር 6 ኮፈን ግን ሜዳ ነው ማለት ይቻላል። ለአንዷ የተሠራውን ለሌላዋ ስትገጥሙት ሁለት እግር ኮፈኑን ይነካል፣ ሁለቱ ይንሳፈፋሉ። ያን ክፍተት በብሎን ጎትቶ ማገናኘት ኮፈኑን ያጣምመዋል። ኮፈኑ ከተጣመመ ደግሞ ግራና ቀኙ ያለው ክፍተት እኩል መሆኑ ይቀራል፣ ቁልፉም መያዝ ያስቸግራል። ትክክለኛው ዕቃ ምንም ብሎን ሳይገባበት በአራቱም እግሩ ሥር በሚገባው ጎሚኒ ላይ ተደላድሎ የሚቀመጥ ነው። ከሥሩ ወረቀት ብታስገቡ በአራቱም ቦታ እኩል ሊይዝ ይገባል።

ሳትበሱ ገና ዕቃውን በወረቀት ፕላስተር ኮፈኑ ላይ አጣብቁትና ኮፈኑን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ አንድ ሰው ይያዝላችሁ። የኤምጂቢ ኮፈን ማጠፊያው በተሳፋሪው በኩል ስለሆነ ሲከፈት የፖርቶመጋላው የፊት ቱቦ ወደ ቴንዳው ይተኛል። ቴንዳው ተነሥቶ ሳለ የኋላ ፕላስቲክ መስኮቱን ይነካዋል? ቴንዳው ታጥፎ ሳለ ክምሩ ላይ ይጋጫል? ሁለቱንም ሞክሩ። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ሞክሮ ይበሳል፣ ኋላ ዝናብ መጥቶ ቴንዳውን ሲያነሣ ኮፈኑ በግማሽ ይቆምበታል። እዚያው ላይ አንድ ባዶ ካርቶን በሻንጣው ልክ አስቀምጡና ሾፌሩ ቦታ ተቀምጣችሁ በስፖኪዮው ተመልከቱ። ከኋላ ያለው መኪና የማይታያችሁ ከሆነ ሻንጣውን ዝቅ ያለ ምረጡ።

እንግዲህ ወደ መብሳቱ። በመጀመሪያ ከኮፈኑ ሥር ያለውን ማዕቀፍ በእርሳስ ወረቀት ላይ ንደፉ፤ ያንኑ ወረቀት ከላይ አስተካክላችሁ ስታነጥፉት ማዕቀፉ በየት በየት እንደሚያልፍ ከላይ ሆናችሁ ታዩታላችሁ። የኮፈኑን መሐል መስመር ከሁለቱ ጠርዝ ለክታችሁ አግኙ እንጂ በቁልፉ አትመሩ። ፖርቶመጋላውን በመሐል መስመሩ ላይ አድርጋችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንሸራትቱት፤ እግሮቹ ማዕቀፉ ላይ የሚወድቁበትን ቦታ ፈልጉ። ወደ ፊት፣ ወደ ማጠፊያው በኩል በቀረበ ቁጥር ለመኪናዋም ለኮፈኑም ይቀላል። ከዚያ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ከኋላ እዩት። ግማሽ ሴንቲ ሜትር የተጣመመ እንደሆነ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፤ ከተበሳ በኋላ ማቃናት የለም።

የሚበሳውን ቦታ በሁለት ድርብ የወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፤ ምልክቱን በላዩ አድርጉ። በሹል መምቻ ቀስ ብላችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ምቱ፤ ጠንከር ያለ ምት ራሱ ጉድጓድ ይሠራል። ከኮፈኑ በታች ያለውን ቦታ ሁሉ በአሮጌ አንሶላ አልብሱት። በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) ጀምሩ፣ ቀጥሎ 5፣ መጨረሻ ላይ 6.5። የትራፓኖው ፍጥነት ዝቅ ይበል፤ ፑንታው ላሜራውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል እጃችሁን አቅልሉ፣ ያን ጊዜ ነው ይዞ የሚሽከረከረውና ቀለሙን የሚቦጭቀው። አንዱን ቀዳዳ ከበሳችሁ በኋላ በዚያ ብሎን አስገብታችሁ ሌላውን ዳግመኛ ለኩ፤ አራቱንም በአንድ ጊዜ ምልክት አድርጎ መብሳት የሚሳሳት ሰው ሥራ ነው። ሲያልቅ ሹሉን ጠርዝ በክብ ሞረድ አልስልሱ። ብናኙን በማግኔትና በአቧራ መሳቢያ ልቀሙ፤ በጨርቅ አትጥረጉት፣ ይቧጭራልና። አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ኮፈኑ ማዕቀፍ ጥግ ውስጥ ከቀረች እርጥበት ሲያገኛት በማግሥቱ ትዝጋለች፤ ከሥሯ ያለውንም ቀለም ይዛ ትሄዳለች።

የተበሳው ጠርዝ ራቁቱን የቀረ ብረት ነው። በቀጭን ብሩሽ ዚንክ ያለበት አንቲረስት ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ በላዩ የመኪናዋን ቀለም አድርጉ። ይህ አንድ ምሽት ይወስዳል። «ጎሚኒው ይሸፍነዋል» ብለው የሚዘሉት አሉ። ይህን የዘለሉበትን መኪና ከአምስት ዓመት በኋላ ጎሚኒውን አንሥታችሁ ተመልከቱ፤ በጎሚኒው ልክ ክብ የሆነ፣ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ቀለበት ታያላችሁ። በጥፍር ስትነኩት ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሳል፣ ከሥሩ ቀይ ዱቄት ይወጣል፣ መሐሉ ላይ ብሎኑ የቆመበት ቀዳዳ ሰፍቶ ብሎኑ ይነቃነቃል። ላስቲኩ ውኃውን አልከለከለም፤ የገባውን ውኃ እንዳይወጣ ያዘው እንጂ። ስለዚህ ጎሚኒውን ስታስቀምጡ ብሎኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ብቻ በማይደርቅ ማስቲሽ ዙሩት። የጎሚኒው የውጪ ጠርዝ ግን ውኃ እንዲያንጠባጥብ ክፍት ይሁን፤ ዙሪያውን በሲሊኮን መድፈን ውኃን ማጠር ነው።

ጎሚኒው ራሱ ጠንካራና ፀሐይ የሚችል ይሁን። ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ማስቀመጥ አገር ቤት የተለመደ ነው፤ ለጊዜው ይሠራል፣ ነጭና ክሬም ቀለም ላይ ግን የማይለቅ ጥቁር ጥላ ይተዋል።

ብዙ ባትላሜራ የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ በዚህ ላይ ረዘም ብዬ ልናገር። ማዕቀፉ በሁሉም ቦታ ከቆዳው ጋር አልተጣበቀም፤ በመካከላቸው ባዶ ያለበት ቦታ ይበዛል። ብሎኑን በሁለቱም አሳልፋችሁ ከታች ዳዶውን ስታጠብቁ ቆዳውና ማዕቀፉ ወደ እርስ በርሳቸው ይሳባሉ፣ ከላይ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ስርጉድ ይፈጠራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከታችኛው ላሜራ ያለውን ቀዳዳ ብቻ ወደ 10 ሚሊ ሜትር አስፍታችሁ፣ ብሎኑን የሚያሳልፍ የብረት ቱቦ በባዶው ቁመትና በታችኛው ላሜራ ውፍረት ድምር ልክ ቆርጣችሁ አስገቡበት። ቱቦው የላይኛውን ቆዳ ከሥር ይደግፈዋል፤ ዳዶው ሲጠብቅ የሚጫነው ቱቦውን ይሆናል። ቁመቱን በዓይን አትገምቱ፤ በቀዳዳው ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ ለኩ። ቱቦው ግማሽ ሚሊ ሜትር ካጠረ ስርጉዱ ይመጣል፣ ከረዘመ ደግሞ የታችኛው ማጥበቂያ ማዕቀፉን ስለማይነካው ጭነቱ ቆዳው ላይ ብቻ ይቀራል።

እግሩ በምንም መንገድ ማዕቀፉ ላይ የማይወድቅ ከሆነ ከቆዳው ሥር 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጎንና ጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ብረት አድርጉ፤ ከተቻለ አንዱ ጫፉ ማዕቀፉ ድረስ ደርሶ እዚያ ይያያዝ። ማዕዘኖቹን በሞረድ አክቧቸው፣ ሹል ማዕዘን ላሜራውን ይቆርጠዋልና። ብረቱ የኮፈኑን ጉብታ እንዲከተል በመዶሻ ቀለስ ይደረግ። ሜዳ ብረት ጉብ ባለ ቆዳ ሥር ሲጠብቅ የብረቱ ቅርጽ ከላይ ሆኖ ይነበባል። ከዕቃው ጋር በከረጢት የሚመጣው ትንሽ ሮንዴላ (ከዳዶው ሥር የሚገባው ክብ ቀለበት) ለዚህ አይበቃም። አስመጪዎች ከአራት ቪቴ ይልቅ አራት ብረትና አራት ቱቦ ከዕቃው ጋር ቢያቀርቡ ብዙ ኮፈን ይተርፍ ነበር፤ ይህን ገዢው ሳይጠይቅ አይመጣም።

ላሜራ ላይ በራሱ ጥርስ የሚነክስ ቪቴ ፈጽሞ አይግባ። 1 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ላሜራ ለቪቴው አንድ ጥርስ እንኳ በቅጡ አይሰጠውም፤ በመጀመሪያው ረጅም መንገድ ይነቀላል። ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና ናይለን ያለው የማይፈታ ዳዶ ይሁን። እዚህ ላይ የአሮጌ እንግሊዝ መኪና ልማድ ያስታል። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ብሎን በኢንች ነው፤ ሩብ ኢንች ማለት 6.35 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ኢንች ውስጥ 28 ጥርስ። ዛሬ ከሱቅ የምትገዙት 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ጥርሱ በ1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው። ሁለቱ ሲተያዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ የአንዱን ዳዶ በሌላው ላይ በግድ ስታዞሩት ጥርሱን ይበላዋል። አሮጌው ዕቃ በሩብ ኢንች ከሆነ ቀዳዳውን 7 ሚሊ ሜትር አድርጉና ሙሉውን በሩብ ኢንች ጨርሱ። ስቴንለስ ብሎን በስቴንለስ ዳዶ ስታጠብቁ ጥቂት ቅባት ንኩት፤ ደረቁን ከሆነ መሐል መንገድ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ከዚያ መቁረጥ ነው።

አጠባበቁ በመስቀለኛ ይሁን። አራቱንም በእጅ አስገቡ፣ ከዚያ ተራ በተራ ሩብ ዙር እየጨመራችሁ ሂዱ። ጎሚኒው ወደ ጎን ማበጥ ሲጀምር ይበቃዋል፤ የማጥበቂያ መለኪያ ላለው ሰው 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ኃይል ማሳያ ቦታ አይደለም። የመጀመሪያውን 80 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ዳግመኛ እዩት፤ ጎሚኒው ስለሚረግብ ትንሽ ይላላል።

ኮፈኑ ከበደ ማለት ክፍት አድርጎ የሚያቆመው ዘንግም ሥራው ጨመረ ማለት ነው። ዘንጉ ተበልቶ ከሆነ በነፋስ ጊዜ ኮፈኑ እጅ ላይ ይወድቃል። ፖርቶመጋላው በገባበት ቀን ዘንጉን አስፈትሹ፤ ሻንጣው ላይዋ ላይ እንዳለ ግን ኮፈኑ አይከፈት።

ስለ ጭነቱ። የአምራቹ ቁጥር ካለ እሱ ይከበር፤ ከሌለ 15 ኪሎ አይለፍ እላለሁ። ከባዱ ዕቃ፣ ጫማው፣ መጽሐፉ፣ መሣሪያው፣ ወደ ውስጥ ስኮርታው አጠገብ ይግባ፤ ላይ የሚወጣው ቀላሉና ሰፊው ነው፤ ጃኬት፣ ብርድ ልብስ፣ ልብስ። ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የኤምጂቢ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2.31 ሜትር ነው። ከኋላ ጎማው ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ 20 ኪሎ ብትሰቅሉ፣ የኋላ ጎማዎች የሚሸከሙት 20 ብቻ ሳይሆን ከ24 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ከፊት ደግሞ ከ4 ኪሎ በላይ ይነሣል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከፍ ብሎ የተቀመጠ ክብደት ስለሆነ ኩርባ ላይ ይሰማል፣ የረገበ አሮጌ ባሌስትራ ላይ ደግሞ የበለጠ ይሰማል። ጠንካራ ፍሬን ስትይዙ 15 ኪሎው ሻንጣ በ12 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ፊት ይገፋል፤ ወደ ፊት ማለት ቴንዳው በታጠፈባት መኪና ውስጥ የእናንተ ማጅራት ነው። ነፋሱም አለ። ፍጥነት ከ50 ወደ 100 ሲያድግ የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል።

ስለዚህ ማሰሪያው የማይለጠጥ ይሁን። ላስቲክ ገመድ ይለጠጣል፣ ሻንጣው ይዘላል፣ ሲዘል ገመዱ የበለጠ ይለጠጣል። የቆዳ ጠፍር ለዚህች መኪና ያምርባታል፤ በዝናብ ሲረጥብ ግን ይረዝማል፣ በየማረፊያው ካልተጠበቀ ዋጋ የለውም። ጥሩው 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፖሊስተር ጠፍጣፋ ማሰሪያ ከነመቆለፊያው ነው፤ ሁለት በአግድም፣ አንድ ከኋላ ወደ ፊት። ከማሰሪያው የተረፈው ጫፍ ይጠቅለል፤ እየተርገበገበ ቀለሙን ይገርፋልና። ከመነሣታችሁ በፊት ሻንጣውን ይዛችሁ ነቅንቁት፤ መኪናዋ አብራ ከተነቃነቀች ታስሯል፣ ሻንጣው ብቻውን ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

ሌሎች መኪኖችን በአጭሩ። ኦስቲን ሂሊ 3000 ላይ በኮፈኑ ዙሪያ ያለው የኋላ አካል አሉሚኒየም ነው፤ ስቴንለስ ብሎን በቀጥታ ከነካው እርጥበት ባገኘ ቁጥር አሉሚኒየሙ ይበላል፤ የናይለን ሮንዴላና የናይለን ቱቦ ይግባበት። ከ1968 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. የተሠራችው ኮርቬት አካሏ ፋይበር ግላስ ነው፤ መምቻ አይነካት፣ ትራፓኖው መጀመሪያ ወደ ኋላ እየዞረ የላዩን ቀለም ይፋቅ፣ ከዚያ ወደ ፊት ዞሮ ይብሳ፣ ሮንዴላው ከ30 ሚሊ ሜትር አይነስ። ሞተራቸው ከኋላ የሆነ መኪኖች፣ ፖርሽ 911ም ሆነች የአዲስ አበባዋ ቮልስ፣ አየር የሚስቡት ከኋላ በኩል ነው። ቮልስ ላይ ከኋላ መስታወቱ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች፣ ፖርሽ ላይ የኮፈኑን ወንፊት በሻንጣ መሸፈን ሞተሩን ማፈን ነው፤ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ደግሞ ሲታፈን የሚያስጠነቅቅ የውኃ ሙቀት ጌጅ የለውም።

ፖርቶመጋላ ያላትን አሮጌ መኪና ለመግዛት የምታዩ ሰዎች፣ ከሞተሩ በፊት የኋላ ኮፈኑን ክፈቱና ከታች በባትሪ ተመልከቱ። በእያንዳንዱ ብሎን ሥር ሰፊ ብረት ካለ፣ ጠርዙ ተቀብቶ ከሆነ፣ የገጠማት ሰው ሥራውን ያውቃል። ትንሽ ሮንዴላና ቀይ ዱቄት ካያችሁ የአንድ ኮፈንን ዋጋ ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ